ያዕቆብ ወደ ግብፅ የወረደው ኃጢአት ስለሠራ አልነበረም

ጥያቄው የመጣው በባሕረ ሰላጤው አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ከምትሠራ አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። "አንድ ሰባኪ እስራኤላውያን አገር ለአገር የተንከራተቱት በኃጢአታቸው ነው፣ ስደት ቅጣት ነው ሲል ሰማሁ። እኔም ለቤተሰቤ ስል ነው የወጣሁት፤ ነገሩ ከነከነኝ። ሌላ ቀን ያየሁት ቪዲዮ ደግሞ ሁሉም ነገር ድርቅ ነው፣ ሃይማኖቱ በኋላ የተለጠፈ ነው ይላል። የትኛው ነው ልክ? ደግሞስ ወደ ግብፅ የወረዱት 70 ናቸው ወይስ 75?"

እህቴ፣ ከሰባኪው ልጀምር። የጠቀሰው ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ ያመጣው ግን ያለ ቦታው ነው። እስራኤላውያን በአንድ ምክንያት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አልተሰደዱም። አብርሃም ተጠርቶ ወጣ። ያዕቆብ ተርቦ ወረደ። በሙሴ ዘመን ከባርነት አመለጡ። በነገሥታቱ ዘመን ደግሞ ጦር ማርኮ ወሰዳቸው። "በኃጢአታችሁ ነው" የሚለው ማብራሪያ በግልጽ የተጻፈው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ወደ ኋላ ጎትተን ያዕቆብ ላይ ስንጭነው ታሪኩ ይበላሻል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልሽ መጀመሪያ መሬቱን እንይ። ከነዓን ዝናብ ጠባቂ አገር ናት። ዮርዳኖስ ቢኖርም የሚፈሰው እታች ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ለተራራው ገበሬ አይደርስለትም። ዝናቡ ከጥቅምት እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ ከሜዲትራኒያን ባሕር ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ጭርሱን ይዘጋል። አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ የተመላለሱበት የቤርሳቤህ አካባቢ ደግሞ ይብሳል። ዛሬ እዚያ በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ1000 በላይ ታገኛለች። ቤርሳቤህ ላይ አንድ ዓመት ዝናቡ ቢጓደል እህሉ ቀረ። ሁለት ዓመት ከደገመ ከብቱም አለቀ።

ግብፅስ? ግብፅ ዓይኗን የምትጥለው ዓባይ ላይ ነው። የዓባይ ሙላት የሚነሣው ደግሞ ከእኛው ደጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎጃምና ጎንደር ላይ የሚወርደው ዝናብ በዓባይና በተከዜ ወርዶ የግብፅን ማሳ ያጠጣ ነበር። ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው። እንግዲህ የከነዓን ዝናብ ከባሕር፣ የግብፅ ውሃ ከእኛ ተራራ ከመጣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚጠፉበት ምክንያት የለም። ከነዓን ስትደርቅ ግብፅ ብዙውን ጊዜ እህል ነበራት ማለት ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 11 ይህንኑ ይናገራል። ግብፅ ዘርተህ እንደ አትክልት ቦታ በእግርህ የምታጠጣት አገር ናት ይላል፤ የምትገባባት ምድር ግን ኮረብታና ሸለቆ ናት፣ የምትጠጣውም ከሰማይ ዝናብ ነው። ይህን የጻፈው ሰው እርሻ ያውቃል።

ስለዚህ በዘፍጥረት 12 አብርሃም ከነዓን ገና እንደገባ ረሃብ ሲመጣ ወደ ግብፅ መውረዱ አይገርምም። ጽሑፉም አይወቅሰውም። ወቀሳ ካለ ሚስቱን "እህቴ ናት" በማለቱ ነው። በምዕራፍ 26 ይስሐቅን ሌላ ረሃብ ሲያገኘው "ወደ ግብፅ አትውረድ" ተባለ፤ ጌራራ ቀረ፣ ዘራ፣ መቶ እጥፍ አገኘ። አትውረድ መባሉ ራሱ አንድ ነገር ይነግርሻል። ሰው ሲርበው የሚያስበው የመጀመሪያ ነገር ግብፅ መውረድ ነበር።

የግብፅ ሰነዶችም ይህንኑ ይላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ የተጻፈ አንድ የድንበር ሹም ሪፖርት በፓፒረስ ላይ ቀርቶልናል። ሹሙ ከኤዶም የመጡ ዘላኖችን በምሽጉ በኩል እንዳሳለፈ ለአለቃው ያስታውቃል። ወደ ኩሬዎቹ የሄዱት እነሱም ከብቶቻቸውም በሕይወት እንዲቆዩ ነው ይላል። ሁሉም በደረቅ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ኬላ ላይ ያለ ሰው ቢጽፈው ከዚህ ብዙ አይለይም። ከዚያ 700 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ ቤኒ ሐሰን በሚባል ቦታ፣ በአንድ ባለሥልጣን መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከምሥራቅ የመጡ እንግዶች ተሥለዋል። የሥዕሉ ጽሑፍ 37 ናቸው ይላል። ባለ ቀለም ልብስ ለብሰዋል። አንዱ በገና መሰል ነገር ይመታል። አህያ ላይ የተቀመጡ ልጆች ይታያሉ። አንዳንድ ሰው ይህን ሥዕል እያሳየ "የያዕቆብ ቤተሰብ ነው" ይላል፤ እንዲህ የሚያስብል ምንም ማስረጃ የለም። ሥዕሉ የሚያሳየው መንገዱ ለብዙዎች የተከፈተ እንደነበር ነው።

አሁን ወደ ያዕቆብ እንምጣ። ዘፍጥረት 42 የሚጀምረው በአንድ የተበሳጨ አባት ነው። ረሃብ ገብቷል፣ ጎልማሶቹ ልጆቹ ቤት ተቀምጠዋል። ሽማግሌው "ለምን እርስ በርሳችሁ ትተያያላችሁ?" ይላቸዋል። ግብፅ እህል እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ውረዱና ሸምቱልን፣ እንዳንሞት። ስደቱ የጀመረው እንዲህ ነው። በኋላ ዮሴፍ መኖሩ ሲነገረው ልቡ አላመነም። ያመነው ፈርዖን የላከለትን ሰረገላ በዓይኑ ሲያይ ነው። ቤርሳቤህ ደርሶ መሥዋዕት ሲሠዋ የሰማው ቃል ደግሞ ለሰባኪው ዋናው መልስ ነው፤ "ወደ ግብፅ መውረድ አትፍራ፣ በዚያ ትልቅ ሕዝብ አደርግሃለሁ፣ እኔ ከአንተ ጋር እወርዳለሁ" የሚል ነው። የሚቀጣ ሰው እንዲህ ይባላል?

"ወንድሞቹ ዮሴፍን በ20 ብር ሸጠውት የለ? ያ ኃጢአት አይደለም?" የሚል ይኖራል። ነው እንጂ። ግን ረሃቡን ያመጣው እሱ ነው የሚል አንድ ቃል የለም። ረሃቡ በምድር ሁሉ እንደነበረ ተጽፏል። ዮሴፍም ራሱ ጉዳዩን ሲፈታው "ሕይወትን ለማዳን እግዚአብሔር ከእናንተ በፊት ላከኝ" ነው ያለው። ለአብርሃም ዘሩ በባዕድ አገር 400 ዓመት እንደሚኖር አስቀድሞ ሲነገረው (ዘፍጥረት 15) እዚያ የተጠቀሰው ኃጢአት የአሞራውያን ነው። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 20 እስራኤላውያን ግብፅ ውስጥ ሆነው ጣዖት እንዳልተዉ ይናገራል፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ስላደረጉት ማለቱ ነው እንጂ ስለሄዱበት ምክንያት አይደለም።

አንድ ሌላ ማስረጃ ልጨምር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ስለሆነ። ገበሬው የመጀመሪያ ፍሬውን በቅርጫት ይዞ ወደ ካህኑ ሲመጣ የሚናገረው ቃል በዘዳግም 26 ተሰጥቶታል። አባቴ ተንከራታች ሶርያዊ ነበር፣ በቁጥር ጥቂት ሆኖ ወደ ግብፅ ወረደ፣ ግብፃውያን አስጨነቁን፣ ጮኽን፣ አወጣን። የሕዝቡ ታሪክ በአንድ ትንፋሽ እዚህ ተጠቃሏል። ስለ ኃጢአት አንድም ቃል የለበትም።

ወደ ባርነቱ እንለፍ። ዘፍጥረት 47 ላይ ብዙ ሰው ዘሎት የሚሄድ ክፍል አለ። ዮሴፍ በረሃቡ ጊዜ መጀመሪያ የግብፃውያንን ብር፣ ቀጥሎ ከብታቸውን፣ በመጨረሻ መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ገዛ። ከዚያ ወዲያ ከምርቱ አንድ አምስተኛው የፈርዖን ሆነ። እኔ እንደማነበው ከሆነ የእስራኤል ልጆች በኋላ የወደቁበት የጉልበት ሥርዓት የተዘጋጀው እዚህ ነው፤ ያዘጋጀውም የገዛ ወንድማቸው ነው። የሚያውቃቸው ንጉሥ አልፎ ዮሴፍን የማያውቅ ሲነሣ መጤነታቸው ጥርጣሬ ሆነ። ዘጸአት 1 ላይ የፈርዖን ስጋት ሁለት ነው። ጦርነት ቢነሣ ከጠላት ጋር ያብራሉ። ደግሞም አገሩን ጥለው ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ፊቶምና ራምሴን በጭቃና በጡብ እያሠራ የያዛቸው። በኋላ ጭዱን ከልክሎ ያንኑ የጡብ ቁጥር አምጡ አላቸው። ይህን አይነት አሠሪ አንቺ ከእኔ የተሻለ ሳታውቂው አትቀሪም።

ዘጸአት በታሪክ ሆኗል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ስለ መውጣቱ የሚናገር የግብፅ ሰነድ እስካሁን አልተገኘም። በዘጸአት 12 የተጻፈው 600 ሺህ ወንድ የሚያክል ሕዝብ በሲና በረሃ ያለፈበት አሻራም አልተገኘም። በሌላ በኩል የፈርዖን ሜርኔፕታ ሐውልት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1208 ገደማ "እስራኤል" የሚባል ሕዝብ ከነዓን ውስጥ እንዳለ ይመሰክራል። በዚያው ዘመን አካባቢ በከነዓን ተራራማ ክፍል በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ መንደሮች ብቅ ይላሉ። ብዙ ተመራማሪዎች ከግብፅ የወጣ አነስ ያለ ቡድን ከእነዚህ ነዋሪዎች ጋር ተቀላቅሎ ታሪኩ የሁሉም ሆነ ብለው ያስባሉ። ይህን የማይቀበሉም አሉ።

የሰባኪው ቃል ቦታውን የሚያገኘው ምርኮው ላይ ነው። አሦራውያን ሕዝብ ማፍለስን መደበኛ የመንግሥት ሥራ አድርገውት ነበር። ያመፀ አገር ሲያዝ ነዋሪው ተነቅሎ ሩቅ ይወሰዳል፣ በቦታው የሌላ አገር ሰው ይሰፍራል። ከመሬቱ የተነቀለ ሰው ለማመፅ አቅም ያጣል። አዲሶቹ ከተሞችና እርሻዎችም ጉልበት ያገኛሉ። ሰማርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ስትወድቅ ንጉሥ ሳርጎን በራሱ ጽሑፍ 27,290 ሰው ማረክሁ ይላል። መጽሐፈ ነገሥትም ሕዝቡ ወደ ጎዛን ወንዝና ወደ ሜዶን ከተሞች እንደተወሰደ፣ ከባቢሎንና ከሌላ አካባቢ የመጡ ሰዎች ደግሞ በሰማርያ እንደሰፈሩ ይናገራል።

በ701 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሲከብብ ራፋስቂስ የሚባለው ሹሙ ቅጥሩ ሥር ቆሞ በአይሁድ ቋንቋ ሕዝቡን ያባብላል። እጃችሁን ስጡ፣ አገራችሁን ወደምትመስል ምድር እስክወስዳችሁ ድረስ ከወይናችሁና ከበለሳችሁ ብሉ፤ እዚያም እህል አለ፣ ወይን አለ፣ ወይራና ማር አለ ይላቸዋል። ደላላ ይህን ወሬ የተማረው ከእሱ ይመስለኛል። እውነተኛው ጉዞ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን የለኪሶን ቅርጽ ማየት ይሻላል። ሰናክሬም ይህችን የይሁዳ ከተማ መያዙን በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አስቀርጾታል፤ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። በሬ የሚጎትተው ጋሪ ላይ ጓዝ ተቆልሏል። ሴቶችና ልጆች ጓዙ ላይ ተቀምጠዋል። እዚያው አጠገባቸው ሌሎች ሰዎች ይገደላሉ።

ይህን መከራ ነቢያቱና የነገሥት መጽሐፍ ጸሐፊ "ቃል ኪዳኑን ስላፈረስን ነው" ብለው ተረጎሙት። ሁለተኛ ነገሥት 17 በረጅሙ ይዘረዝረዋል። ግን ጥፋተኛ ያሉት ማንን እንደሆነ ተመልከቺ። አሞጽ የሚከሰው ድሀውን ስለ አንድ ጥንድ ጫማ የሚሸጡትን ነው። በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ተጋድመው የሰባ ጠቦት የሚበሉት በምርኮኞች መጀመሪያ ይሄዳሉ ይላል። ባቢሎንም እንዲሁ አደረገች። በ597 ናቡከደነፆር ንጉሥ ዮአኪንን፣ መኳንንቱን፣ የእጅ ጥበብ ባለሙያውንና ብረት ሠሪውን ለይቶ ወሰደ። መቅደሱ ከተቃጠለ በኋላም ድሆቹ ወይን ተካዮችና አራሾች እንዲሆኑ ተተዉ። ስለዚህ "ስደት ቅጣት ነው" የሚለውን ስብከት ለልጆቿ ደሞዝ የምትልክ ሴት ላይ ማዞር ነቢያቱ ያላሉትን ማለት ነው።

ባቢሎን የገቡት ስንት ነበሩ? ነገሥት ለመጀመሪያው ምርኮ 10,000 ይላል። ኤርምያስ 52 በሦስት ዙር 4,600 ይቆጥራል። ኤርምያስ የላከላቸው ደብዳቤ (ምዕራፍ 29) ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ተጋቡ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። የባቢሎን የሸክላ ጽሑፎችም ሕይወት እንደቀጠለ ያሳያሉ። አንደኛው ለንጉሥ ዮአኪን የሚሰጠውን የዘይት ቀለብ መዝግቧል። ሌሎቹ "የይሁዳ ከተማ" የምትባል መንደር ውስጥ የሚያርሱ፣ የሚበደሩና ግብር የሚከፍሉ ሰዎችን ያስተዋውቁናል። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ባቢሎንን በ539 ይዞ ተመለሱ ሲል 42,360 ሰው እንደተመለሰ ዕዝራ ይቆጥራል። ብዙዎች ግን እዚያው ቀሩ።

በፈቃዳቸው ሄደው የተወቀሱ አንድ ቡድን አሉ፣ እሱን አልደብቅሽም። ከኢየሩሳሌም ጥፋት በኋላ የተረፉት ባቢሎን የሾመችው ጎዶልያስ ሲገደል ፈሩ። ኤርምያስን "እግዚአብሔርን ጠይቅልን፣ የሚለንን እናደርጋለን" አሉት። አሥር ቀን ቆይቶ "እዚሁ ተቀመጡ" ሲላቸው አሻፈረኝ ብለው ኤርምያስን ጭምር ይዘው ወደ ግብፅ ወረዱ። ሰልፍ ወደማናይበት፣ መለከት ወደማንሰማበት፣ እንጀራም ወደማንራብበት እንሄዳለን ብለው ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚገባ የስደት ምክንያት የለም። ኤርምያስ የተቆጣቸው ቆርጠው ጨርሰው ሳሉ ለይስሙላ ስለጠየቁት ነው። የሚሸሹት የባቢሎን ጦር እዚያም ተከትሏቸው እንደሚመጣ ነግሯቸው ነበር።

ከእነሱ ጋር ሱነማዊቷን ሴት አስተያዪልኝ። ሁለተኛ ነገሥት 8 ላይ ኤልሳዕ ራሱ "ሰባት ዓመት ረሃብ ይመጣልና ቤተሰብሽን ይዘሽ ሂጂ" አላት። ፍልስጥኤም አገር ሰባት ዓመት ኖረች። ስትመለስ ቤቷና እርሻዋ በሌላ እጅ ገብቷል። ወደ ንጉሡ አቤት ለማለት ስትገባ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ስለ እሷ እያወራ ነበር። ንጉሡ አንድ ሹም መደበላትና ንብረቷን ሁሉ አስመለሰላት፤ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ የነበረውን የእርሻዋን ፍሬ ጭምር። በነቢይ ምክር የተሰደደች፣ ተመልሳም መብቷን ያስከበረች ሴት ናት። ሰባኪው ይህችን ቢያነሣት ደስ ይለኝ ነበር።

ቪዲዮውም ቢሆን ግማሽ መንገድ ነው የሄደው። ድርቁ እውነት ነው። ከገሊላ ባሕር ወለል የተወሰደ የአበባ ብናኝ ጥናት ከ1250 እስከ 1100 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢው በጣም ደርቆ እንደነበር አሳይቷል። ግን ሁሉንም ጉዞ ድርቅ አላመጣውም። የአብርሃም አባት ታራ ቤተሰቡን ይዞ ከዑር ወደ ካራን ለምን እንደሄደ ዘፍጥረት 11 ምክንያት አይሰጥም። በምዕራፍ 12 አብርሃም በ75 ዓመቱ ከካራን ሲወጣ ያለው ምክንያት "ውጣ" የሚለው ቃል ብቻ ነው። ዝርዝሩን የምታገኚው በእኛው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። እዚያ የክፉ መናፍስት አለቃ መስቴማ ቁራዎችን እየላከ ዘሩን ያስለቅማል፣ ሰውም ይራባል። የ14 ዓመቱ አብራም ማሳው ላይ እየሮጠ ቁራዎቹን ይመልሳል፤ ቆይቶም ዘሩ እንዳይለቀም አፈር ውስጥ የሚቀብር የማረሻ ዕቃ ያሠራል። ረሃቡን በዘዴ አሸነፈው ማለት ነው። በ60 ዓመቱ ግን ሌሊት ተነሥቶ የጣዖቱን ቤት አቃጠለ፤ ወንድሙ ሐራን ጣዖቶቹን ለማዳን እሳቱ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ቤተሰቡ ዑርን የለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ኩፋሌ ረሃብንም እምነትንም አስቀምጦ ያስለቀቃቸውን ለይቶ ይናገራል።

ሁለቱ አብረው የሚሄዱበትም ጊዜ አለ። በ1977 ዓ.ም በዘመቻ ሙሴ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከጎንደርና ከትግራይ ሱዳን ድረስ በእግራቸው የሄዱት በዚያ ክፉ ረሃብና ጦርነት ወቅት ነው። ኢየሩሳሌምን ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ትውልድ በስግድ በዓል ተራራ ላይ ወጥተው ሲለምኑ ኖረዋል። የትኛው ምክንያት እውነተኛው ነው ብለሽ ብትጠይቂያቸው ጥያቄሽ ራሱ ግራ ያጋባቸዋል።

የቀረው የቁጥሩ ነገር ነው። በዕብራይስጡ 70 ነው፤ ኩፋሌም 70 ይላል። የግሪኩ ትርጉም የምናሴንና የኤፍሬምን ዘሮች ጨምሮ 75 ያደርሰዋል። እስጢፋኖስ በሐዋርያት ሥራ 7 የተናገረው ይህንኑ 75 ነው። ዘፍጥረት 46፥26 ደግሞ የልጆቹ ሚስቶች በቁጥሩ እንዳልገቡ በግልጽ ይናገራል፤ ስለዚህ በእነዚያ ሰረገላዎች የወረደው ሰው ከዚያ ይበዛል።